የሕዝብን ፍላጎት በኢንተርኔት ስለ መለካት

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




መሐንዲስ በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ከሚቀስማቸው ትምህርቶች ሁሉ ቀዳሚው፣ ስሕተት የሌለበት መለኪያ በዓለም ላይ አለመኖሩን ማወቅ ነው። የብረት ሜትር በሙቀት ይረዝማል፤ ቴዎዶላይት በየጊዜው ካልተስተካከለ ያዘነብላል፤ የውሃ ቆጣሪ ሲያረጅ ያጎድላል። በመሆኑም ለሙያው የታመነ ሰው ከመለኪያው ላይ ቁጥር ከማንበቡ አስቀድሞ የመለኪያውን ጠባይ ይመረምራል። ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነና ወደየት እንደሚያጋድል ከተረዳ በኋላ ብቻ ቁጥሩን ለሥራ ያውለዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ መለኪያ ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ መጥቷል። ይኸውም የሕዝብን ችግር፣ ፍላጎትና ምርጫ በኢንተርኔትና በእጅ ስልክ አማካይነት የሚሰበስበው መሣሪያ ነው። የመንገድና የቧንቧ ብልሽት የሚጠቆምበት መተግበሪያ፣ በድረ ገጽ ላይ የሚሞላው መጠይቅ፣ ነዋሪው በከተማው በጀት ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ሰሌዳ፣ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከእነዚህ የሚወጣው ቁጥር የትኛው መንገድ አስቀድሞ እንደሚጠገን፣ የውሃ መስመሩ በየት በኩል እንደሚዘረጋ፣ የትኛው ሰፈር መብራት እንደሚቀድመው ለመወሰን በማስረጃነት ሲቀርብ ይታያል። ስለሆነም ስለ ማንኛውም መለኪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለዚህም መጠየቅ ይኖርበታል፤ መሣሪያው በእርግጥ የሚለካው ምንድን ነው? ስሕተቱስ ወደ ማን ያጋድላል?

የሚመጣው ባለጉዳይና የሚፈለገው እረኛ

በኢትዮጵያ የሕዝብን ሐሳብ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አይደለም። ቀደምት ነገሥታትና መኳንንት አገሩ ምን እንደሚያስብ ለመረዳት ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር በትውፊት ይነገራል። እረኛው በመስክ ላይ ከብቱን እየጠበቀ የሚያንጎራጉረው ግጥም የአገሩን ብሶትና ተስፋ ይገልጻል ተብሎ ይታመን ነበርና። በሌላ በኩል ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ አቤቱታውን አጽፎ ወደ ችሎት ወይም ወደ ግቢ ይዞ ይመጣ ነበር።

እነዚህ ሁለት መንገዶች ዓላማቸው አንድ ቢመስልም በመሠረቱ ይለያያሉ። በአቤቱታው መንገድ ተናጋሪው ወደ ሰሚው ይመጣል፤ ለመምጣትም ስንቅ፣ ጊዜ፣ ለጸሐፊ የሚከፈል ገንዘብና ድፍረት ያስፈልገዋል። በእረኛው መንገድ ግን ሰሚው ወደ ተናጋሪው ይሄዳል፤ ያውም የሚሄደው በገዛ ፈቃዱ ወደ ችሎት ከቶ ወደማይመጣው ሰው ነው። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች መልካቸው ምንም ያህል አዲስ ቢሆን አብዛኞቹ ከአቤቱታው ወገን ናቸው። በራቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ እንጂ ወጥተው አይፈልጉም። ይህን ማለት መሣሪያውን መንቀፍ አይደለም፤ ጠባዩን መግለጽ ነው። አደጋው የሚመጣው በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ወጥቶ የፈለገ ያህል ሲታመን ነው።

በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ መሣሪያ

በብሪታንያ «ማይ ሶሳይቲ» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 «ፊክስ ማይ ስትሪት» የሚባል አገልግሎት ጀመረ። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ነዋሪው በካርታ ላይ ጉድጓዱን፣ የተሰበረውን የመንገድ መብራት ወይም የተከመረውን ቆሻሻ ያመለክታል፤ አገልግሎቱም ጥቆማውን ጉዳዩ ለሚመለከተው የአካባቢ ምክር ቤት ያደርሳል። ጥቆማው ለማንም ሰው በግልጽ ስለሚታይ፣ ነዋሪው የየትኛው መሥሪያ ቤት ሥራ እንደሆነ መርምሮ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መሥሪያ ቤቱም ጥቆማው አልደረሰኝም ለማለት አይችልም። የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ ለማንም በነጻ የተለቀቀ በመሆኑ በኖርዌይና በሌሎችም አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። ለአንድ የተወሰነ ብልሽት ጥገና ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት ያዳግታል። ጉድጓዱ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ የአንድ ሰው ምስክርነት ይበቃልና።

ጥቆማዎቹን አንድ ላይ ደምሮ የከተማውን ችግር ካርታ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንን የአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 «ስትሪት በምፕ» የተባለ መተግበሪያ አወጣ። መተግበሪያው በስልኩ ውስጥ ባለው አክሰለሮሜትር አማካይነት መኪናው በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ የሚሰማውን ንዝረት እየመዘገበ፣ ቦታውን ከሳተላይት በሚገኝ አቅጣጫ ለይቶ ለከተማው ይልካል። አሽከርካሪው ምንም ማድረግ አያስፈልገውም፤ መንገዱ ራሱ ስለ ራሱ ይናገራል ተብሎ ታሰበ።

ይሁን እንጂ መንገዱ የሚናገረው ዘመናዊ ስልክና መኪና ያለው ሰው ሲያልፍበት ብቻ ነበር። በጊዜው ድሆችና አረጋውያን በሚበዙባቸው ሰፈሮች እንዲህ ያለ ስልክ የያዘው ሰው አነስተኛ ስለነበረ፣ የመረጃው ካርታ የጉድጓዱን ሥርጭት ሳይሆን የስልኩን ሥርጭት ሊያሳይ ይችል ነበር። የቦስተን ሰዎች የሚመሰገኑት ይህን አስቀድመው በማሰባቸው ነው። መተግበሪያውን በመጀመሪያ የሰጡት ሁሉንም ሰፈር በእኩልነት ለሚያዳርሱት ለከተማው የመንገድ ተቆጣጣሪዎች ነበር። በአጭሩ በሩን ከፍቶ የሚጠብቀውን መሣሪያ ወጥቶ የሚፈልግ አደረጉት። መሣሪያው ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ተሸካሚው ነው።

ታሕቱን የማስቀደም አስፈላጊነት

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። ሁለት ቀበሌዎች ያሉትን አንድ ከተማ በምሳሌነት እንውሰድ። በሁለቱም ቀበሌዎች 10,000 ሰው ይኖራል። በአንደኛው ቀበሌ ከሁለት ሰው አንዱ ኢንተርኔት ያለው ስልክ አለው፤ በሁለተኛው ከ20 ሰው አንዱ ብቻ። በአንደኛው 100፣ በሁለተኛው 200 የቧንቧ ብልሽቶች አሉ እንበል። እያንዳንዱን ብልሽት 40 ሰዎች ያያሉ፤ ስልክ ካላቸውም ተመልካቾች መካከል ከ20 አንዱ ይጠቁማል።

በዚህ ስሌት ከአንደኛው ቀበሌ 100 ጥቆማ ይመጣል፤ ከሁለተኛው 20 ብቻ። ካርታውን የተመለከተ ኀላፊ አንደኛው ቀበሌ አምስት እጥፍ ተጎድቷል ብሎ የጥገናውን ቡድን ወደዚያ ይልካል። እውነቱ ግን ሁለተኛው ቀበሌ በእጥፍ መጎዳቱ ነው። እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም፤ ማንም አላዳላም። እያንዳንዱ ጥቆማ እውነት ነው፤ ድምሩ ግን ሐሰት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ክፍልፋዩን ሲጽፉ ከላዕሉ በፊት ታሕቱን መጻፍ። ጥቆማው ለነዋሪው ቁጥር ሳይሆን ሊጠቁሙ ለሚችሉት ሰዎች ቁጥር ይካፈል። በአንደኛው ቀበሌ 100 ጥቆማ ለ5,000 ባለ ስልክ ሲካፈል 0.02 ይሆናል፤ በሁለተኛው 20 ጥቆማ ለ500 ሲካፈል 0.04 ይሆናል። እነሆ እጥፍነቱ ተመልሶ ታየ። እርግጥ ይህ ስሌት የሚሠራው የሁለቱ ቀበሌ ባለ ስልኮች ለመጠቆም ያላቸው ዝንባሌ እኩል ሲሆን ነው። ከዚህ በፊት ጠቁሞ ምላሽ ያጣ ሰው ዳግመኛ ላይጠቁም ይችላልና። በተጨማሪም 20 ጥቆማ አነስተኛ ቁጥር ስለሆነ በአጋጣሚ ብቻ ከ4 እስከ 5 ያህል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል።

አሁን ደግሞ አንድም ባለ ስልክ የሌለበት ሦስተኛ ቀበሌ ይጨመር። ጥቆማው ዜሮ ነው፤ ሊጠቁም የሚችለውም ዜሮ ነው። ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ትርጉም እንደሌለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። ስለዚያ ቀበሌ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሊባል የሚችል ነገር የለም፤ ሒሳቡ ራሱ ተነሥተህ ሂድና እይ ይላል። ካርታው ላይ ባዶ የታየ ቦታ ሁሉ ሰላም የሰፈነበት ቦታ ተደርጎ መቆጠሩ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

የቁጥር ብዛት ስለማያድነው ስሕተት

አንዳንድ ጊዜ መላሾቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ስሕተቱ ይጠፋል የሚል መከራከሪያ ይሰማል። የዚህ ክርክር ከንቱነት በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው ኢንተርኔት ከመፈጠሩ ከረጅም ዘመን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ መልሶችም ደረሱት። በዚያ መሠረት አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን በጊዜው ከነበሩት 48 ክፍላተ ግዛት በ46ቱ አሸነፈ። በአንጻሩ ጆርጅ ጋለፕ ከዚያ እጅግ ባነሰ፣ ነገር ግን ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች በተውጣጣ ናሙና አሸናፊውን አስቀድሞ ተናግሯል።

መጽሔቱ አድራሻዎቹን በአመዛኙ ያገኘው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በኢኮኖሚው ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው ከሌላው ሕዝብ የተለየ ኑሮ ነበረው። ከዚህም በላይ መጠይቁን ሞልቶ ለመመለስ የተጋው ሰው ከማይመልሰው ሰው የተለየ ሐሳብ ነበረው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው 2 ሳንቲ ሜትር በተቆረጠ ሜትር አንድን ግድግዳ ሺህ ጊዜ የለካ ሰው፣ በእጁ መንቀጥቀጥ የሚመጣውን ስሕተት በማማከል ያጠፋዋል፤ የ2 ሳንቲ ሜትሩ ስሕተት ግን ከሺህ ልኬት በኋላም በቦታው አለ። በዕጣ በትክክል የተመረጡ 1,000 ሰዎች መልስ ከ100 ጊዜ በ95ቱ ከእውነተኛው ከ3 ፐርሰንት ባልበለጠ ይርቃል። በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ አንድ ሚሊዮን ሰዎች መልስ ግን ከእውነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ከቁጥሩ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ብዛት ቁጥሩን ያጸናዋል እንጂ አያቀናውም።

በዚህ ላይ የኢንተርኔት መሣሪያ የፖስታው መጠይቅ ያልነበረው ሌላ ድካም አለበት፤ ተናጋሪው ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት ደንብ የሕዝብ አስተያየት በጠየቀ ጊዜ ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየቶች ቀረቡለት። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጉት ሐሰተኞች ነበሩ። ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡትን ያቀረበው አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ብቻውን ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ደንቡ እንዲሻር የፈለጉ ኩባንያዎች በገንዘብ ያስተባበሩት ዘመቻ ሌሎች ሚሊዮኖችን አስገብቷል። ዛሬ ኮምፒዩተር ራሱ እንደ ሰው አድርጎ ሲጽፍ፣ የመልእክቶቹ አጻጻፍ መለያየት ጸሐፊዎቹ ብዙ ለመሆናቸው ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል።

አስፈላጊና ተፈላጊ

ፍላጎት የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይሸከማል። ያለ እርሱ መኖር የማይቻለው አስፈላጊ ነገር አለ፤ ቢገኝ ደስ የሚያሰኘው ተፈላጊ ነገርም አለ። ሁለቱን ሳይለይ የሚጠይቅ መጠይቅ የተደባለቀ መልስ ያገኛል። ዋጋ የሌለው ጥያቄም ዋጋ የሌለው መልስ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ ለአንድ የምርምር መርከብ ስም በኢንተርኔት እንዲመረጥ በተደረገ ጊዜ አብላጫውን ድምፅ ያገኘው ለቀልድ የቀረበ ስም ነበር። መርከቡ በመጨረሻ በሰር ዴቪድ አተንቦሮ ስም ተሰየመ፤ የቀልዱ ስም በመርከቡ ላይ ለምትጫን አነስተኛ የባሕር ውስጥ ጀልባ ተሰጠ። ሕዝቡ ጥፋተኛ አይደለም። በመልሱ ላይ የሚቆም አንዳች ጉዳይ እንደሌለ ተረድቶ ተጫወተ።

በዚህ ረገድ የብራዚሏ የፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከኢንተርኔት በፊት ያሳየችው አሠራር እስከ ዛሬ ያስተምራል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪዎች በካፒታል በጀቱ ላይ የሚወስኑበትን ሥርዓት ጀመረች። ገንዘቡ ለየክፍለ ከተማው ሲከፋፈል የሚታዩት መመዘኛዎች ሦስት ነበሩ፤ ነዋሪው በስብሰባ ያስቀደመው ጉዳይ፣ የሕዝቡ ብዛት፣ እንዲሁም በዚያ ሥፍራ የጎደለው የአገልግሎት መጠን። የመጨረሻው መመዘኛ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ቧንቧ የሌለው ሰፈር ድምፁ ቢያንስም ጉድለቱ ራሱ ስለ እርሱ ይመሰክራል። ድምፅ ከጉድለት ጋር ተመዘነ እንጂ ብቻውን አልተወሰደም።

በስፔን ደግሞ የማድሪድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 «ዴሲዴ ማድሪድ» የተባለውን ድረ ገጽ ከፈተ። ማንኛውም ነዋሪ ሐሳብ ያቀርባል፤ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ ከሆኑት የከተማው ነዋሪዎች የ1 ፐርሰንት ድጋፍ ያገኘ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። በሺህ ከሚቆጠሩት ሐሳቦች መካከል እ.ኤ.አ. በ2017 ለድምፅ የበቁት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ለሁሉም የሕዝብ ማመላለሻ የሚያገለግል አንድ ቲኬት እንዲኖር የሚጠይቅ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ድምፁ በኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን በፖስታና በአካል ጭምር እንዲሰጥ መደረጉ ነው። የኢንተርኔቱ በር ከሌሎች በሮች አንዱ እንጂ ብቸኛው አልነበረም።

ከሁሉ የረቀቀው ሙከራ የታይዋን ነው። «ቪ ታይዋን» በተባለው መድረክ እ.ኤ.አ. በ2015 የኡበር ታክሲ ጉዳይ ሲመረመር «ፖል ኢዝ» የተባለ መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ተሳታፊው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ያቀርባል፤ ሌሎቹ እስማማለሁ፣ አልስማማም ወይም ልለፈው ይላሉ። በሌላው ላይ መልስ መጻፍ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ስድብና ጠብ መግቢያ ቀዳዳ ያጣሉ። ኮምፒዩተሩም መልሶችን አስተያይቶ ሰዎቹን በየሐሳባቸው ወገን ይመድባል፤ በመጨረሻም ተቃራኒ ወገኖች በጋራ የሚስማሙበትን ያወጣል። የተሳፋሪዎች ኢንሹራንስና የሾፌሮች ፈቃድ ጉዳይ በዚህ መንገድ የጋራ መስማሚያ ሆነው ተገኙ፤ መንግሥትም ደንቡን ሲያወጣ ተጠቅሞባቸዋል። የመድረኩ ውሳኔ መንግሥትን በሕግ የማያስገድድ መሆኑ ግን ድካሙ ሆኖ ቆይቷል። የዚህ ሙከራ ቁም ነገር ስንት ሰው ደገፈ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ፣ የሚቃረኑት የተስማሙበት ምንድን ነው የሚለውን መጠየቁ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ የተሳታፊው ብዛት ያን ያህል አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ሁሉም ወገን መገኘቱ ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታ

ይህ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ችግሮቹ አዲስ ባይሆኑም ክብደታቸው ይጨምራል። ከሕዝቡ አብዛኛው በገጠር ይኖራል፤ የእጅ ስልክ ያለው ሁሉ ኢንተርኔት የለውም፤ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ማንበብና መጻፍ አይቀናውም። በብዙ ቤት ስልኩ የሚገኘው በአባወራው እጅ ነው፤ ውሃ የምትቀዳው ግን እናት ወይም ልጃገረድ ናት። ስለ ቦኖ ውሃ ርቀት በስልክ የሚጠይቅ መሣሪያ እንስራ ተሸክሞ ከማያውቅ ሰው መልስ ይቀበላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መሣሪያው ከሚለካው ነገር ጋር አብሮ መውደቁ ነው። መብራት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ሥፍራ የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ የኔትወርክ ማማውም መጠባበቂያው ሲያልቅ ይቆማል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት የጠፋ መብራት ብዙ ጥቆማ ሲያመጣ፣ ለሦስት ቀን የጠፋው ዝምታን ያመጣል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ ብቻ የሚሰማ ሕዝብ ቢኖር ኖሮ በእነዚያ ሳምንታት አንዳች ፍላጎት እንደሌለው በተቆጠረ ነበር።

ሦስተኛው የማመዛዘኛ ሰንጠረዥ ጉዳይ ነው። የመላሾችን ስብጥር ከሕዝቡ ስብጥር ጋር አስተያይቶ ለማስተካከል የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ያስፈልጋል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታቀደው በተደጋጋሚ ተላልፏል። ከዚያ ወዲህ በከተሞች ዳርቻ የበቀሉትን ሰፈሮች የሚያውቃቸው ቆጠራ የለም። አዲሱ መለኪያ የሚስተካከልበት አሮጌ ሚዛን መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም።

አራተኛው፣ ኢንተርኔት ድንበር የሌለው መሆኑ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተወልዶ ባደገበት ሰፈር ስለሚሠራው መንገድ አስተያየት ለመስጠት ይችላል፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ድምፅ ከእርሱ ድምፅ ጋር በአንድ መዝገብ ተደምሮ ሊጠፋ አይገባም።

ተስፋ የሚሰጥ ምሳሌም በአገር ውስጥ አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ለዚህ አስረጂ ነው። ገበሬው ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልገውም፤ ማንበብም አያስፈልገውም። በተራ ስልክ ያለ ክፍያ ደውሎ፣ ቋንቋውን መርጦ፣ ቁጥር እየተጫነ ስለ ሰብሉ የሚፈልገውን ምክር በድምፅ ይሰማል። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ የትኛው ሰብል፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሥፍራ ጥያቄ እንደሚበዛበት ለሚከታተል ሰው የጥሪው መዝገብ ራሱ የፍላጎት መለኪያ ይሆነዋል። ገበሬው የሚደውለው ለመጠየቅ ሳይሆን ለመጠቀም ነው፤ ስለዚህ ድካሙ ዋጋ ያገኛል። ከሁሉ በላይ መሣሪያው የተሠራው ሰውየው ካለው ነገር ተነሥቶ እንጂ ሊኖረው ይገባ ከነበረው ነገር ተነሥቶ አይደለም።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ለሙያው ባልደረቦች አምስት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ በኢንተርኔት የተሰበሰበ ማንኛውም ቁጥር ለውሳኔ ሲቀርብ፣ ለመናገር ይችሉ የነበሩት ሰዎች ስንት እንደሆኑና እነማን እንደነበሩ በግምትም ቢሆን አብሮ ይቅረብ።

ሁለተኛ፣ ድምፅ ያልመጣባቸው ሥፍራዎች በዝርዝር ይያዙና ከእነርሱ መካከል በዕጣ የተመረጡት በእግር ይታዩ። ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም፤ ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ መጎብኘት ግን የማንኛውም መሥሪያ ቤት አቅም የሚፈቅደው ነው። ከጉብኝቱ የተገኘው ውጤት ከካርታው ጋር ሲስተያይ የመሣሪያው ስሕተት መጠን ይታወቃል። መለኪያን ማስተካከል ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ምርጫን የሚያስገድድ ይሁን። መንገድ ይሠራልህ ወይ ተብሎ ተጠይቆ አይሆንም የሚል የለም። ባለው ገንዘብ ከመንገዱና ከጎርፍ ማፋሰሻው የትኛው ይቅደም ተብሎ፣ የየአንዳንዱ ዋጋ ተነግሮት የሚጠየቅ ሰው ግን አስቦ ይመልሳል። ዋጋውን ማስላትና በሚገባ ቋንቋ መግለጽ የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ የጠየቀ ይመልስ። ለጥቆማው ምን እንደተደረገ፣ ካልተደረገም ለምን እንዳልተደረገ ያልተነገረው ሰው ሁለተኛ አይናገርም። የሚቀንሰው ጥቆማም የችግሩ መቀነስ ምልክት መስሎ በዘገባ ላይ ይሰፍራል።

አምስተኛ፣ የተናጋሪው ደኅንነት ይጠበቅ። ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩና ያለበት ሥፍራ ከአስተያየቱ ጋር ተያይዘው ሲቀመጡ፣ ስለ አንድ ኀላፊ ጉድለት የተናገረ ሰው ለጉዳት ሊጋለጥ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. መውጣቱ ለዚህ መሠረት ሰጥቷል። ከሕጉ በፊት ግን ለሥራው የማያስፈልገውን መረጃ ከመነሻው አለመጠየቅ ከማንኛውም ጥበቃ ይበልጣል።

እነዚህ ነጥቦች መሣሪያውን ለመንፈግ የተሰነዘሩ አይደሉም። ለአስተዳደሩ ሥራ የሚያተርፈው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ ከዚህ በፊት በየቢሮው ደጅ ይጉላላ የነበረው ባለጉዳይ ከቤቱ ሆኖ መናገር መቻሉም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለመናገር የቻለውን ሰው ማዳመጥ ለመናገር ያልቻለውን ሰው ከመርሳት ጋር ሊቆራኝ አይገባም። የሕንፃው ሸክም የሚሰላው በሚታየው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ከመሬት በታች ያለው አፈር ሳይመረመር ማንም መሐንዲስ ፊርማውን አያኖርም።

በመጨረሻም አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ለማኅበሩ አባላት ይቀርባል። ማንኛውም አባል በሕዝብ አስተያየት ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ሲያዘጋጅ ወይም በፊርማው ሲያጸድቅ፣ ከነድፉና ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር አንዲት ገጽ ይጨምር። በዚያች ገጽ ላይ በዚህ ጥናት ያልተሰሙት እነማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደሚገኙ፣ ስለምንስ እንዳልተሰሙ ይጻፍ። ገጿ የመሐንዲሱን ዕውቀት አታጎድፍም፤ እንዲያውም ሜትሩ የት ላይ እንደተቆረጠ የሚያውቅ ባለሙያ መሆኑን ታስመሰክራለች። ዕቅዱን የሚያጸድቀው ክፍልም ገንዘቡን ከመመደቡ በፊት የማን ዝምታ ላይ እንደቆመ ያያል።